ላዩ የጠነከረ፣ ውስጡ የታመመ ዲስክ፦ የበረራ 232 ጉዳይ በሾት ፒኒንግ ሲሙሌሽን ዓይን

ሾት ፒኒንግን፣ ማለትም የብረትን ገጽ በጥቃቅን ኳሶች እየደበደቡ የማጠንከርን ሥራ፣ በኮምፒውተር አስመስሎ (በሲሙሌሽን) የሚሠራ ሰው ሥራውን ሲጨርስ የሚያሳያችሁ አንድ ግራፍ አለ። አግድሙ ከብረቱ ገጽ ወደ ውስጥ ያለው ርቀት ነው፣ ቁመቱ ደግሞ ጫና። መስመሩ ከገጹ አጠገብ ወደ መጨመቅ በኩል ጥልቅ ብሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ ዜሮን ያልፍና ትንሽ ወደ መለጠጥ በኩል ብቅ ብሎ ቀስ እያለ ይጠፋል። ያምራል። ሪፖርት ላይ ሲገባ አለቃ ያስደስታል።

ጣጣው ያ ግራፍ የተሠራው ጤነኛ ብረት ላይ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ እንከን የለውም፣ ከየት እንደመጣም አይጠየቅም። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው የአውሮፕላን ሞተር ዲስክ ግን ታሪክ አለው። ፒኒንጉ ተሠርቶለታል። ወደ አገልግሎት ሲገባም ምርመራውን አልፎ ነው። ሆኖም የድካም ስንጥቁ (ጫና ሲደጋገም የሚመጣው) የጀመረው ገና በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ነው፤ ፒኒንግ ሊያዘገየው የሚገባው ነገር ያለ ምንም መዘግየት ተጀመረ ማለት ነው። ለምን? ሲሙሌሽን ይህን ማሳየት ይችላል ወይ? ጉዳዩ ይኸው ነው።

የሆነው ነገር

ቀኑ ሐምሌ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 1989። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232፣ ዲሲ-10 አውሮፕላን፣ 296 ሰው ይዞ ከዴንቨር ወደ ቺካጎ እየበረረ ነበር። በአካባቢው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ ጅራቱ ላይ ያለው ሞተር የፋን ዲስክ (የሞተሩን የፊት ምላጮች የሚይዘው ክብ ብረት) ለሁለት ተሰነጠቀ። ስብርባሪው ጅራቱን በጣጥሶ ሦስቱንም የሃይድሮሊክ ሲስተሞች ባዶ አደረጋቸው። ካፒቴን አል ሄይንስና ባልደረቦቹ፣ ከተሳፋሪዎች መካከል ከነበረው አሠልጣኝ ፓይለት ዴኒስ ፊች ጋር ሆነው፣ በክንፎቹ ላይ በቀሩት ሁለት ሞተሮች ጉልበት ብቻ እያዘነበሉ 44 ደቂቃ ያህል አየር ላይ ቆዩና አዮዋ ግዛት ውስጥ ሱ ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተከሰከሱ። 112 ሰዎች ሞቱ፣ አንዱ ከ31 ቀን በኋላ ነው። 184ቱ ተረፉ። የፓይለቶቹ ታሪክ ብዙ ተወርቶለታል፣ ይገባቸዋልም። እኔ ወደ ብረቱ ልሂድ።

ዲስኩ ወዲያው አልተገኘም። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ ኦክቶበር 1989 ላይ፣ አልታ ከምትባል ከተማ አጠገብ በበቆሎ ማሳ ውስጥ ወድቆ አንዲት ገበሬ በመከር ሰዓት አገኘችው። ባይገኝ ኖሮ የዛሬው ጽሑፍ ግምት ብቻ ይሆን ነበር።

የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲኤፍ6-6 ሞተር የመጀመሪያ ደረጃ ፋን ዲስክ ነው። 168 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱ 81 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ብረቱ ስድስት በመቶ አሉሚኒየምና አራት በመቶ ቫናዲየም ያለበት ታይታኒየም። በ1971 የቀለጠ ታይታኒየም ነው፤ ያኔ በቫኪዩም ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሚቀለጠው። ከጃንዋሪ 1972 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ማቅለጥ ደንብ ሆነ። በጥቂት ወራት ተላለፉ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳነብ ያንገበግበኛል። ዲስኩ 15,503 ጊዜ ተነስቶ አርፏል። የተፈቀደለት 18,000 ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ስንጥቁን ወደ ኋላ እየተከተለ መነሻው ላይ ደረሰ። መነሻው የዲስኩ የመሃል ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሽከረከር ዙሪያውን የሚለጥጠው ጫና በጣም የሚበረታበት ቦታ። እዚያ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ አለች። ርዝመቷ 0.055 ኢንች፣ ወደ ውስጥ ጥልቀቷ 0.015 ኢንች። በእኛ መለኪያ 1.4 ሚሊ ሜትር በ0.38 ሚሊ ሜትር። በዙሪያዋ ያለው ታይታኒየም ናይትሮጅን የበዛበት፣ ጠንካራና ተሰባሪ የሆነ፣ በሙያው ሃርድ አልፋ የሚባለው ነው። ታይታኒየሙ ሲመረት ወይም ሲቀለጥ ናይትሮጅን ጠጥቶ የደረቀ ቁራጭ ነው፤ ከሌላው ብረት በላይ ሙቀት ስለሚፈልግ ሳይቀልጥ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ዋናው ነገር። ቦርዱ የደረሰበት ድምዳሜ ጉድጓዷ መጀመሪያ በሃርድ አልፋ ተሞልታ እንደነበርና የተከፈተችው ፋብሪካ ውስጥ፣ በመጨረሻው የማሽን ሥራ ወይም በሾት ፒኒንጉ ወይም በሁለቱም ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ነው። ብረቱን ያጠነክራል ተብሎ የተሠራው ሥራ ራሱ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ሆነ ማለት ነው።

ፒኒንግ ምን ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩስ?

ሥራው ቀላል ይመስላል። ጥቃቅን የብረት፣ የመስታወት ወይም የሴራሚክ ኳሶች በአየር ግፊት ወይም በሚሽከረከር ጎማ ወደ ብረቱ ገጽ ይወረወራሉ። እያንዳንዷ ኳስ ትንሽ ጎድጓዳ ትታ ትነጥራለች። ጎድጓዳው ስር ያለው ብረት ወደ ጎን ተለጥጦ ሊቀር ይፈልጋል፣ ከስሩ ያለው ያልተነካ ብረት ግን ወደ ቦታህ ተመለስ ብሎ ይይዘዋል። በዚህ ትግል ላዩ ተጨምቆ ይቀራል። ስንጥቅ ለመከፈት መለጠጥ ይፈልጋል፣ የተጨመቀ ገጽ ላይ ያንን አያገኝም። በቃ ይኸው ነው።

ቁጥር እናስገባ። ለምሳሌ 0.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ በሴኮንድ 60 ሜትር ትምጣ። ጉልበቷ ግማሽ ሚሊጁል እንኳ አይሞላም። የታይታኒየሙን ድርቀት 3.4 ጊጋፓስካል ብለን ጉልበቷ በሙሉ ጎድጓዳ በመሥራት አለቀ ብንል፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ስፋትና ከ0.015 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ይወጣል። ይህ በወረቀት ጀርባ ላይ የሚሠራ ሒሳብ ነው፣ ግን ሩቅ አይደለም። በዚህ ዓይነት መጠን ታይታኒየም ላይ የሚቀረው የተጨመቀ ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወድቃል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ፋይናይት ኤለመንት ላይ፣ ማለትም ብረቱን ኤለመንት በሚባሉ ጥቃቅን ቁራጮች ከፋፍሎ በሚያሰላው የኮምፒውተር ዘዴ ላይ፣ ስናመጣው ነገሩ ይከብዳል። ጎድጓዳው 0.15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኤለመንቱ ከ15 ማይክሮን (ከ0.015 ሚሊ ሜትር) መብለጥ የለበትም፣ አለበለዚያ ጎድጓዳውን አታዩትም። በታይታኒየም ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 6,000 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በኤክስፕሊሲት ስሌት (ጊዜን በጥቃቅን እርምጃ እየቆረጠ ወደፊት በሚያሰላው) አንድ የጊዜ እርምጃ ከ2.5 ናኖ ሴኮንድ መብለጥ አይችልም። አሁን ሦስት ሚሊ ሜትር በሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ እንውሰድ፣ የኛን 1.4 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ከነአካባቢዋ የሚይዝ። ገጹ 98 በመቶ እስኪሸፈን፣ ይህም በሙያው ሙሉ ሽፋን የሚባለው ነው፣ ስንት ኳስ ያስፈልጋል? ኳሶቹ በዘፈቀደ ስለሚያርፉ አንዳንዱ ቦታ ደጋግሞ ሲመታ ሌላው ባዶ ይቀራል፤ ሒሳቡን ስሠራው 1,900 ገደማ ኳስ ይመጣል። በዘጠኝ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ! እያንዳንዷ ኳስ ከመምታቷ እስከ ብረቱ መረጋጋት አንድ ሁለት ማይክሮ ሴኮንድ ትወስዳለች እንበል፤ ሚሊዮን በሚያልፉ ኤለመንቶች ላይ ለአንዷ ኳስ በመቶዎች የሚቆጠር እርምጃ ነው፣ ለሁሉም ሲባዛ ሚሊዮን ይጠጋል። ለዚህ ነው ድሮ ሰው አንዲት ኳስ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ እየጣለ፣ ክብ ሲሜትሪ እየተጠቀመ ይሠራ የነበረው። አሁን ኮምፒውተሩ ስለጎለበተ በዘፈቀደ የሚወድቁ ብዙ ኳሶችን መሥራት የተለመደ ሆኗል።

የብረቱ ባህርይ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዴት ይሞላ የሚለው ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ኳስ ስትመታ ብረቱ በጣም በፍጥነት ነው የሚቀየረው፤ በመለጠጫ ማሽን በዝግታ የተለካ ጥንካሬ እዚህ አይሠራም። በዚያ ላይ አንዱ ነጥብ ደጋግሞ ይመታል፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይገፋል። ብረት አንዴ በአንድ አቅጣጫ ከተገፋ በኋላ በተቃራኒው ሲገፉት ቶሎ እጁን ይሰጣል። ይህን ረስቶ ብረቱ በተመታ ቁጥር በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይጠነክራል ብሎ የሚሞላ ሰው የመጨመቂያውን ጫና አጋንኖ ያገኛል። ግራፉ ይበልጥ ያምራል፣ ውሸቱም ይበልጥ ያድጋል። ፒኒንግ ሲሙሌሽን አይቼ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የምን ዓይነት የመጠንከር ሕግ ተጠቀማችሁ? መልሱ ከተንተባተበ የቀረውን አላነብም።

ከፋብሪካው ጋር የሚያገናኘን ደግሞ የአልመን ስትሪፕ ነው። በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ጆን አልመን በ1940ዎቹ ያመጣው ዘዴ ነው፣ እስከ ዛሬም አልተተካም። 76 ሚሊ ሜትር በ19 ሚሊ ሜትር የሆነ የስፕሪንግ ብረት ቁራጭ በአራት ብሎን ታስሮ በአንድ ጎኑ ብቻ ይደበደባል፣ ሲፈታ ይቀለበሳል፣ የቅልበሳው ከፍታ ይለካል። የመደብደቢያውን ጊዜ እጥፍ ስታደርጉት ከፍታው ከ10 በመቶ በላይ ካልጨመረ ጠግቧል ይባላል። በሲሙሌሽን ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሠራል፦ የኳሱ ፍጥነት ስለማይታወቅ ስትሪፑ ራሱ ኮምፒውተር ውስጥ ይደበደባል፣ ፋብሪካው የለካውን ቅልበሳ የሚሰጠው ፍጥነት ይፈለጋል። በፖሊቴክኒኮ ዲ ሚላኖ የሚሠራው ማሪዮ ጉዋሊያኖ በ2001 ያሳተመው ሥራ በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ያስከተለ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የአልመን ስትሪፕ የሚነግረን ማሽኑ ምን ያህል እንደመታ ነው። የተመታው ዕቃ ምን እንደሆነ አይነግረንም። የ1971ዱን ዲስክ በተመለከተ ስትሪፑ ቢለካ ኖሮ ሁሉ ሰላም ነው ይል ነበር።

0.38 እና 0.2

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ጉድጓዷ 0.38 ሚሊ ሜትር ትጠልቃለች። የተጨመቀው ንብርብር 0.2 አካባቢ ነው፣ ቢበዛ 0.25። የጉድጓዷ ወለል ከጥበቃው ውጪ ነው! የተለወጠው ብረት ደግሞ ከጉድጓዷም አልፎ ይሄዳል። ለዚህ ሱፐር ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ ማስመሪያ ይበቃል። የተለመደው የፒኒንግ ግራፍ ግን ይህን አይጠይቅም፤ ስለ ጉድለት የሚናገር አግድም መስመር የለውም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ግራፉ ላይ ከዜሮ በላይ የምትወጣዋን የመለጠጥ ጉብታ ይወነጅላል። ላዩ ሲጨመቅ ስሩ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ፒኒንጉ ስንጥቁን ከስር ጋበዘው ይላል። ቀጭን የሞተር ምላጭ ላይ ወይም የማርሽ ጥርስ ላይ ቢሆን እስማማ ነበር። ይህ ዲስክ ግን 168 ኪሎ የሚመዝን ወፍራም ብረት ነው። 0.2 ሚሊ ሜትር ንብርብር የሚያመጣው ማካካሻ በሴንቲ ሜትሮች ውፍረት ላይ ሲበተን ከቁጥር የሚገባ አይሆንም፣ ከሚሽከረከረው ዲስክ የራሱ ጫና ጋር ሲወዳደር ደግሞ ምንም ነው። ስለዚህ ያችን ጉብታ ነፃ እለቃታለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኳሷ ሃርድ አልፋው ላይ ስታርፍ የሚሆነው ነው። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ብረቱ ይለጠጣል፣ ይቀረፃል በሚል ነው። ሃርድ አልፋ አይቀረፅም። ክብ ነገር ተሰባሪ ነገር ላይ ሲያርፍ ከስሩ መጨመቅ ቢኖርም ከመገናኛው ጠርዝ ዙሪያ ጠንካራ የመለጠጥ ቀለበት ይፈጠራል፤ ሄርትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠራው ሒሳብ ነው። ተራው ታይታኒየም ይህን የመለጠጥ ቀለበት በመቀረፅ ይውጠዋል። ሃርድ አልፋው ግን ይሰነጠቃል፣ ጠጠር የመኪና መስታወት ላይ ሲያርፍ ኮከብ እንደሚሠራው። ያው ኳስ፣ ያው ፍጥነት፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ነጥቦች ላይ አንዱን ያጠነክራል፣ ሌላውን ይሰብራል። ኳሶቹ ደግሞ አንድ ሁለት አይደሉም፤ ጉድጓዷ ላይ ብቻ በርካታ ደርዘን ያርፋሉ። መጀመሪያ ይሰነጥቁታል፣ ቀጥሎ የተሰነጠቀውን ይፈለቅቁታል። በእርግጥ ከዚያ በፊት የማሽኑ መቁረጫ ቢነካው እሱም ያንኑ ያደርጋል። ቦርዱ "ወይም" ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህንን በሲሙሌሽን መሥራት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ከላይ ባልኩት ሦስት በሦስት ቁራጭ መሃል ተሰባሪ ጥራጥሬ ትቀብራላችሁ፣ ለሷ የመቀረፅ ሳይሆን የመሰበር ሕግ ትሰጧታላችሁ፣ ከአካባቢው ብረት ጋር ያላትን መያያዣ የሚላቀቅ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ኳሶቹን ታዘንባላችሁ። ሦስት ጊዜ ብትሠሩት ጥሩ ነው፦ ጥራጥሬዋ ልክ ገጹ ላይ ስትሆን፣ ከገጹ ስር ተሸሽጋ በ0.1 ስትሆን፣ ከንብርብሩ በታች በ0.4 ስትሆን። ከሦስቱ የመጀመሪያው ያስፈራል። ሁለተኛው ደስ የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል፣ ምክንያቱም ጥራጥሬዋ ዙሪያዋን ተጨምቃ ትያዛለች። ሦስተኛው ፒኒንጉ እንዳልነበረ ነው። አንዱ ፒኒንግ ለሦስት ሦስት መልስ ይሰጣል ማለት ነው፤ ያ ነጠላ ግራፍ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ መስመር ይሸፍናቸዋል።

ስንጥቁ ሲያድግ

የስንጥቁ ገጽ ላይ እያንዳንዱ መነሳትና ማረፍ የራሱን ጭረት ትቶ ይሄዳል፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ተቆጠረ። ቁጥሩ ዲስኩ በሕይወቱ ካደረጋቸው በረራዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ስንጥቁ ለመጀመር ጊዜ አልፈጀም። ሾት ፒኒንግ ደግሞ ትልቁ ውለታው የስንጥቅን መጀመሪያ ማራቅ ነው። እዚህ ስንጥቁ ተጀምሮ ነው ከፋብሪካ የወጣው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወዲያ ፒኒንጉ ምን አደረገ? በስንጥቅ መካኒክስ ሒሳብ የተረፈውን ጫና ከሥራው ጫና ጋር መደመር ይቻላል። ስንጥቁ ገጹን የሚነካባቸው ሁለት ጫፎች የተጨመቀ ብረት ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ ይያዛሉ። ጥልቁ ጫፍ ግን ነፃ ነው፣ ይገሰግሳል። ውጤቱ ከላይ ሲታይ አጭር፣ ከውስጥ ግን የሰፋ ስንጥቅ ነው። ትንሽ ስንጥቅ ላይ ይህ ልዩነት ይታያል፤ ስንጥቁ ሚሊ ሜትሮችን ካለፈ በኋላ ግን 0.2 ሚሊ ሜትር ንብርብር ብዙም አያግደውም።

ከምርመራው አንፃር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዲስኩ በየጊዜው በፍሎረሰንት ፈሳሽ ይመረመር ነበር፦ ፈሳሹ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ የገባው ተመልሶ ሲወጣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያበራል። የመጨረሻው ምርመራ በፌብሩዋሪ 1988 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው፣ ከአደጋው 760 በረራ በፊት። ስንጥቁ ያኔ ግማሽ ኢንች ገደማ፣ ማለትም 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር ተብሎ ይገመታል። አልታየም። ቦርዱ ዋናውን ምክንያት ያስቀመጠው እዚሁ ላይ ነው፤ የምርመራውና የጥራት ቁጥጥሩ አሠራር የሰውን የአቅም ወሰን በበቂ አላገናዘበም ብሏል። በዚህ አልከራከርም። ግን ከፒኒንግ አንፃር አንድ ነገር ይታከል፦ የተጨመቀ ገጽ የስንጥቁን አፍ ይዘጋል፣ አፉ የተዘጋ ስንጥቅ ፈሳሽ አይጠጣም። ስለዚህ ፒኒንግ የተደረገበትን ዕቃ በፈሳሽ የሚመረምር ሰው ሁልጊዜ ከባዱን ፈተና ነው የሚፈተነው። የሲሙሌሽን ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይህን አንድ አንቀጽ ቢጨምርበት ለምርመራ ክፍሉ ከግራፉ የበለጠ ይጠቅመው ነበር።

በፋብሪካው የሥራ ቅደም ተከተል ላይም የሚገርም ነገር አለ። ዲስኩ የመጨረሻ ቅርጹን ሳይይዝ፣ ገና ወፍራም እያለ ነው በአልትራሳውንድ የተመረመረውና ገጹ በአሲድ ታጥቦ የታየው። ከዚያ በኋላ ማሽን ላይ ወጥቶ ተላጠ፣ አዲስ ገጽ ወጣ፣ ያ አዲስ ገጽ ተደበደበ። አሲዱ የመጨረሻው ቅርጽ ላይ ቢደረግ ኖሮ ሃርድ አልፋው ሳይታይ አይቀርም ነበር። አንድ ቀላል ቅደም ተከተል ነው። ግን ፒኒንግ ከመደረጉ በፊት ገጹ ምን እንደሆነ ማየት እንጂ ከተደበደበ በኋላ መፈለግ ትርጉም የለውም፤ ሁሉም ቦታ ጎድጓዳ ነው።

ከአደጋው በኋላ ሒሳቡ እንዴት ተለወጠ

ከሱ ሲቲ በፊት የዲስክ ዕድሜ የሚሰላው ብረቱ ጤነኛ ነው በሚል ነበር። ናሙናዎች ይደክማሉ፣ ከነሱ በታች አንድ አስተማማኝ ቁጥር ይወሰዳል፣ 18,000 ይባላል፣ አለቀ። ይህ ዲስክ 15,503 ላይ ሲሰበር ያ ቁጥር ስለ ሃርድ አልፋ ምንም እንደማያውቅ ታየ።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርና የሞተር አምራቾች አብረው ሌላ መንገድ ያዙ። በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ያለው ሳውዝዌስት ሪሰርች ኢንስቲትዩት ከአምራቾቹ ጋር ሆኖ ዳርዊን የሚባል ፕሮግራም ሠራ። የዲስኩን ጫና ከፋይናይት ኤለመንት ይቀበላል፣ ዲስኩን በዞን ይከፋፍላል፣ በየዞኑ ጉድለት የመኖር ዕድልና የጉድለቱን መጠን ስርጭት ያስገባል፣ ስንጥቁን ያሳድጋል፣ ምርመራ ላይ የመታየት ዕድሉንም ይጨምራል። በመጨረሻ የሚወጣው በአንድ በረራ የመሰበር ዕድል ነው። በጃንዋሪ 2001 የወጣው የአስተዳደሩ መመሪያ ለአንድ የታይታኒየም ዲስክ ያስቀመጠው ዒላማ በአንድ በረራ ከቢሊዮን አንድ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ የምወደው ጉድለት አለ ብሎ መነሳቱን ነው። የለም ብሎ አይጀምርም።

በመሃል ደግሞ በጁላይ 1996 ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ ላይ ሌላ አደጋ ሆነ። የዴልታ አየር መንገድ ኤምዲ-88 አውሮፕላን ሊነሳ ሲንደረደር የፋን ሃብ (የፋኑ የመሃል ክፍል) ተሰብሮ ስብርባሪው ወደ ተሳፋሪዎች ገባ፣ ሁለት ሰው ሞተ። እዚያ ብረቱ ራሱ ደህና ነበር፤ አንድ ቀዳዳ ሲቦረቦር ግድግዳው ተቃጥሎ ደርቆ ቀረ፣ ስንጥቁ ከዚያ ተነሳ። ይህ ለፒኒንግ ሰዎች ከሱ ሲቲ ይልቅ የሚቀርብ ነው፤ ጉድለቱ ገጽ ላይ ነው፣ ሲጀምር ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ የገጽ ጉዳት ፒኒንግ በደንብ ሊይዘው የሚችል ዓይነት ነው።

እና የዛሬው ክርክር እዚህ ላይ ነው። የሞተር አምራቾች ዲስኮቻቸውን ፒኒንግ ያደርጋሉ፣ ያለሱ ማንም አይሸጥም። ግን ለተቆጣጣሪው በሚቀርበው የስንጥቅ ዕድገት ሒሳብ ውስጥ በልማድ ፒኒንጉ አይቆጠርም፤ እንደ ተጨማሪ መጠባበቂያ ዝም ተብሎ ይታለፋል። የሲሙሌሽን ሰዎች ይህ ያናድዳቸዋል፣ ልክ ናቸውም፦ በደንብ የተለካ ንብርብር የዲስኩን ዕድሜ በብዙ ሊያረዝም ይችላል፣ ዲስክ ደግሞ ውድ ነው። ዳርዊንም በገጹ ላይ የቀረን ጫና መቀበል ይችላል፣ ስለዚህ መሣሪያው የለም አይባልም። ተቃዋሚዎቹም ልክ ናቸው። ንብርብሩ በሙቀት ይላላል፣ በትልቅ ጫና ይላላል። ፋን ዲስክ ላይ ሙቀቱ ያን ያህል አይደለም፣ ትኩሱ ተርባይን ዲስክ ላይ ግን ከባድ ነገር ነው። ከዚያም በላይ ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ፒኒንጉ ይለያያል፤ የኖዝሉ (ኳሶቹን የሚተፋው አፍ) አንግል ትንሽ ቢዞር፣ ኳሶቹ ተሰባብረው ቢያረጁ፣ ሽፋኑ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ቢያንስ።

እኔን ብትጠይቁኝ ፒኒንጉ በሒሳቡ ይቆጠር እላለሁ፣ ግን በሁኔታ። አንደኛ፣ የሲሙሌሽኑ ጥልቀት ገጹ እየተላጠ በኤክስሬይ ከተለካ እውነተኛ ዲስክ ጋር ይገጥም፣ ከናሙና ቁራጭ ጋር ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚገባው ግራፍ አንድ መስመር አይሁን፣ ከደካማው ፒኒንግ እስከ ጠንካራው ያለ ስፋት ይሁን፣ ስሌቱም ከደካማው ይጀምር። ሦስተኛ፣ ጥቅሙ የሚቆጠረው ከንብርብሩ ለሚያንስ የገጽ ጉዳት ብቻ ይሁን፤ ለጭረት፣ ለመሣሪያ ምልክት፣ ለተቃጠለ ቀዳዳ። እንደ 0.38ቷ ላለ ከብረቱ ጋር ለተወለደ ጉድለት ሲሰላ ግን የፒኒንጉ አምድ ላይ ዜሮ ነው የምጽፈው፣ ሃርድ አልፋው ገጽ ላይ ከወጣ ደግሞ ከመጀመሪያው በረራ ጀምሮ ተሰንጥቋል ብዬ ነው የምነሳው።